ድስቱን ማን ያነሳል?

ኢንሹራንስ የተቀጠርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ግርማ ሜትር፣ የእጅ ባትሪና አንድ መመሪያ ሰጡኝ። «ምግብ ቤት ልትመረምሪ ስትሄጂ በፊት ለፊት ገብተሽ በጓዳ ውጪ። ሳሎኑ ሁልጊዜ ያምራል፤ እሳቱ ያለው ጓዳ ነው።» ቢሯችን ባምቢስ አካባቢ ነበር። በዚያው ቀን ሦስት ማእድ ቤት አዞሩኝ፤ ቤቴ ስገባ ጸጉሬ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር።

ሥራውን ቶሎ ለመድኩት። የጋዙ ሲሊንደር የት ቆሟል? የእሳት ማጥፊያው መቼ ተሞላ? አንዱ ቤት እንደውም ማጥፊያው ላይ የአስተናጋጆቹ ሽርጥ ተሰቅሎበት አገኘሁ። «ቦታ እንዳይፈጅ ብለን ነው» አሉኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ጻፍኩ።

ነገሩ የተወሳሰበው ምግብ ቤቶቹ ኬተሪንግ፣ ማለትም ምግብ አብስሎ ድግሱ ቦታ ድረስ ማቅረብ፣ ሲጀምሩ ነው። ውላችን የሚያውቀው እስከ አጥሩ ድረስ ነው። ዶሮ ወጡ ዳማስ መኪና ላይ ተጭኖ ከበር ሲወጣ ከውሉም አብሮ ይወጣል። ይህን ሳስረዳ ባለቤቶቹ «ወጡ እኮ ያው ወጥ ነው!» ይሉኛል።

ወይዘሮ አስካለ ካዛንቺስ ምግብ ቤት አላቸው፤ ሳቃቸው ከመንገድ ማዶ ይሰማል። የቢሮ ምሳና ሠርግ መቀበል ሲጀምሩ ውሉን ላስተካክል እኔው ሄድኩ። የመጓጓዣውን ጨመርን። ምግቡ እንግዳ ቢያሳምም የሚክሰውንም ጨመርን። የቀረው የሠራተኞች ጉዳት መድን ነበር። እሱ የሚከፍለው ደግሞ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ለሰፈረ ሰው ብቻ ነው።

«ድግስ ሲኖር ማን ያግዝዎታል?» አልኳቸው።

«የሰፈር ሴቶች። ስድስት ናቸው።»

አምስቱን አስጻፉ። ስድስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለዋወጠ። እትዬ ብርነሽ ላንቻ ባለው መኖሪያቸው ጎረቤታቸው ናቸው፤ ወጥ ቀምሰው ጨው የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

«እሳቸውን ሠራተኛ ብዬ? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! ያሳደጉኝ ሴትዮ እኮ ናቸው። ቁጭ ብለው ያዛሉ እንጂ ሥራ አይነኩም፣ በቃ።»

ይሉኝታ ያዘኝ። መከራከር ነበረብኝ። እስክሪብቶዬን ከደንኩና ሄድኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወይዘሮ አስካለ ኡራኤል አካባቢ አዳራሽ ውስጥ የሚያስተናግዱት ሠርግ ነበር። እንግዳው ተሰልፏል፣ አስተናጋጆቹ ዘግይተዋል። ቁጭ ብለው የሚያዙት እትዬ ብርነሽ አላስቻላቸውም። ብድግ ብለው የፈላውን ቀይ ወጥ ከአንዷ አጋዥ ጋር አነሱ። የድስቱ ጆሮ አዳለጣቸውና ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው ተቃጠለ።

ፋይሉን ይዤ ካሳ ክፍል ሮጥኩ። ኃላፊው ገጹን ሁለቴ አገላበጠ። «እንግዳ እንዳልላቸው ድስት ሲያነሱ ነበር። ሠራተኛ እንዳልላቸው ስማቸው የለም። ምን ብዬ ልክፈል?» ማሳከሚያውን ወይዘሮ አስካለ ከኪሳቸው ቻሉ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እትዬ ብርነሽ እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው ቢሯችን ከች አሉ። ወይዘሮ አስካለ አንገታቸውን ደፍተው ከኋላ ተከተሏቸው።

«ከዝርዝሩ ያስቀረኝ ማነው?»

«ለክብርዎ ብለን ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«ክብሩ ቅባት ገዛልኝ? ዕድሜዬን ሙሉ ድስት ሳነሳ ኖሬ ዛሬ እመቤት አደረጋችሁኝ! በይ ወረቀቱን አምጪና ጻፊኝ።»

ወይዘሮ አስካለ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የእትዬ ብርነሽን ስም ጻፍኩ። «የሥራ መደብ» የሚለው ላይ ስደርስ ፈራ ተባ እያልኩ ቀና አልኩ።

«ወጥ ሠሪ» አሉ ፍርጥም ብለው። የእሳቸው ፊርማ አያስፈልግም ነበር፤ እሳቸው ግን በግራ እጃቸው ፈረሙ።

አሁን አዲስ ተቀጣሪዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ሜትርና ባትሪ እሰጣቸዋለሁ። ኬተሪንግ ያለበት ቤት ስትሄዱ ሠራተኛው ስንት ነው ብላችሁ አትጠይቁ፤ ድስቱን ማን እንደሚያነሳ ጠይቁና ሁሉንም ጻፉ እላቸዋለሁ።