የአባቴ የዓሣ ዘንግ

የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በሸተተኝ ቁጥር ደባርቅ የነበረው ቤታችን ትዝ ይለኝና ፊቴ ይኮሳተራል። አባቴ በየክረምቱ፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለው፣ በወጣትነቱ በጓዝ ተሸካሚነት ቀጥሮት የነበረ ጣሊያን ጥሎለት የሄደውን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከግድግዳው አውርዶ፣ ክር የሚጠቀለልበትን የነሐስ መዘውር በዚያ ዘይት እየወለወለ፣ እናቴ በሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ማሰሮ ስትደረድር ቀና ብሎ ሳያያት ይውል ነበር።

መስከረም ጠብቶ እንግዳ መምጣት ሲጀምር ደግሞ ትምህርቱ ይከተል ነበር። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። የጥንት ሰው በአጥንት መንጠቆ ያጠምድ እንደነበር፣ በኋላም የፈረስ ጭራ ገምዶ፣ ከዚያም ሐር ፈትሎ ክር እንዳበጀ፣ ከጣሊያኑ የሰማትን ይህችኑ ታሪክ እንደ ወርኃዊ ድርሳን ሲደግማት፣ ጎረቤቶቻችን ጠላቸውን እየጠጡ «ይገርማል» ይሉት ነበር። ራሱ ዓሣ ይዞ ያውቅ እንደሆነ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

ደርግ በገባ በጥቂት ዓመቱ፣ ሁዳዴ ሲያዝ እናቴ አልጋ ያዘች። ከዳባት የመጣው ድሬሰር ደሟ አንሷል ብሎ ሥጋና እንቁላል አዘዘላት፤ እሷ ግን በሁዳዴ አልገድፍም አለች። የነፍስ አባቷ መጥተው «ወለተ ሥላሴ፣ ሥጋው ቢቀር ዓሣ ቅመሺ፣ ኃጢአቱ በኔ ይሁን» ሲሏት እሺ አለች፤ ሁላችንም ወደ ግድግዳው ዞርን።

አባቴ ሰበብ ሲያጣ ጊዜ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቶ፣ እኔን ስንቅ አሸክሞ፣ በጭነት መኪና ሊማሊሞን ወርደን ዛሪማ ወንዝ ደረስን። ትል መንካት ተጸይፎ መንጠቆው ላይ እንድሰካለት እኔን አዘዘኝና፣ ነጭ ጋቢውን እንዳጣፋ መንጠቆውን ሲወረውር ክሩ ገና በመጀመሪያው ተበጠሰ፤ ያለችንን አንዲት መንጠቆ ወንዙ ወሰዳት። ለካ መዘውሩን ሲወለውል የኖረው ሰውዬ ክሩን አንድ ቀን እንኳ ፈትቶ አይቶት አያውቅም።

ከታች በኩል የአገሬው ወጣቶች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ በትነው፣ ሰክሮ የተንሳፈፈውን ዓሣ በቅርጫት ያፍሱ ነበር። ሄጄ ስለ እናቴ ስነግራቸው አንዱ ሦስት ትልልቅ ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ ይዞ መጣና «እንኩ አባቴ፣ ጠብሰው ያብሏቸው» አለው። አባቴ እጁን ጋቢው ውስጥ ከቶ «ዓሣ የሚያዝበት ሥርዓት አለው፤ ይህ ስርቆት እንጂ ማጥመድ አይደለም» ብሎ መለሰለት።

ባዶ እጃችንን ገባን። «ወንዙ ደርቋል» አላት። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «እውነት ነው፣ ልጄ?» ስትለኝ፣ እሱን ፈርቼ «አዎ» አልኳት። በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ቀን ሞተች፤ በዚያ ሳምንት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሳምንቱ ለሚሞቱ ሁሉ በሆሳዕና አስቀድሞ በተደረገው ፍትሐት ተቀበረች። አባቴም ለቀስተኛውን ሰብስቦ ስለ ብርብራ ነውርነት ሲያስተምር ሰነበተ። ያን ጊዜ ናቅሁት፤ ከሞተ በኋላም መናቄን አልተውኩም።

ዛሬ ጎንደር ውስጥ በሁዳዴ ዓሣ እንደ ልብ ይገኛል፤ ያኔ ለእናቴ አንድ ቁራሽ ያጣንላትን እኔ ከገበያ ገዝቼ፣ ጠብሼ ለልጆቼ አቀርባለሁ፤ በምን እንደተያዘ ግን አንድ ቀንም ጠይቄ አላውቅም።