የልጃችን ፎቶ በሐኪሙ ጽሑፍ ውስጥ

በሃምሳዎቹ ዓመታት ቆቦ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ የወባ ኪኒን እሰጣለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። ከአቅሜ በላይ የሆነውን በአውቶቡስ ወደ ደሴ እልካለሁ። የገዛ ልጄ ስታብጥ ግን ቶሎ አላወቅሁም።

የመጀመሪያ ልጃችን ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። ፊቷ ሞላ አለ። ጎረቤቶች «አማረባት» አሉ፤ እኛም ደስ አለን። አንድ ጠዋት ዓይኖቿ አልገለጥ አሉ። ሚስቴ ቀሚሷን ገልጣ ሆዷን አሳየችኝ። ተነፍቶ ቆዳው ያብለጨልጫል። እግሯን በጣቴ ተጫንኩት፤ ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። በሌላ ሰው እግር ላይ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው።

ሚስቴ ጠበል ወሰደቻት። ሙስሊሙ ጎረቤታችንም ዱዓ አደረጉላት። እብጠቱ አልጎደለም።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት ሐኪም መጣ። የልጆችን የኩላሊት በሽታ ያጠናል፤ በአውራ ጎዳናው ላይ ባሉ ክሊኒኮች እየዞረ ያበጡ ልጆች መኖራቸውን ይጠይቃል። ልጄን አመጣሁለት። ሽንቷን በመስታወት ቱቦ አድርጎ በአልኮል መብራት አሞቀው። እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆኖ ረጋ።

«ኩላሊቷ በደሟ ውስጥ መቅረት ያለበትን ነገር ያፈሳል» አለኝ። «አዲስ መድኃኒት አለ። ለአንዳንድ ልጆች በደንብ ይሠራል፤ ለአንዳንዶቹ አይሠራም። ለምን እንደሆነ ነው የማጠናው።»

«ለእሷስ ይሠራል?»

«አላውቅም። እስከዚያው ጨው ይከልክሏት።»

ሚስቴ ለልጅቷ ለብቻዋ ያለ ጨው መሥራት አልሆነላትም፤ ለሁላችንም እንደዚያው ትሠራ ጀመር። አፋሮች በግመል የሚያመጡት ጨው በየገበያው ቀን ሰፈራችን አጠገብ ይራገፋል፤ እኛ አልጫ እንበላለን። ልጅቷ አንድ ሁለት ጉርሻ ትቀምስና ትተወዋለች። ማንም አይቆጣትም።

ሐኪሙ አዲስ አበባ ሆስፒታል አስተኛት። እናቷ አብራት ሄደች፤ እኔ የወባ ወቅት ስለነበር ቀረሁ። መድኃኒቱ ሠራ። ስትመለስ እግሮቿ ጭራሮ አክለው ነበር፤ ገና ከአውቶቡስ ስትወርድ «አባዬ፣ ውሃው ሁሉ ወጣልኝ» አለችኝ። እብጠቱ ግን ማሽላ ሲታጨድ ተመልሶ መጣ። ሐኪሙ እንዳዘዘው ኪኒኑን እንደገና ጀመርንላት።

ከዚያ ትኩሳት ያዛት። በራያ ቆላ ትኩሳት ማለት ወባ ነው፤ የወባ ኪኒን ሰጠኋት። በማግስቱ ሆዷ እንደ እንጨት ደረቀ፤ መነካት አልቻለችም። ደሴ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝን። ሮቢትን አልፈን ጎብዬ ሳንደርስ እናቷ እቅፍ ውስጥ አረፈች። ሚስቴ ነጠላዋን የልጅቷ ፊት ላይ መለሰችና ወደ እኔ ዞረች።

«እንቀጥል ወይስ እንመለስ?» አለችኝ።

«እንመለስ።»

ጎብዬ ወረድን። ወደ ሰሜን የሚሄድ የጭነት መኪና እስኪመጣ ድረስ ከመንገዱ ዳር ቆምን። አጠገባችን ሰዎች በርበሬ ይገበያዩ ነበር። የበርበሬውን ሽታ አስታውሳለሁ፤ ሌላ ነገር የተሰማኝ አይመስለኝም።

ዓመታት አለፉ፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለድን። አንድ ቀን ሐኪሙ በመኪና ሲያልፍ ቤታችን ጎራ አለ። ጥናቱ ታትሞ ነበር፤ አንድ ቅጂ ሰጠኝ። እንግሊዝኛ ነው። ገለጥ ገለጥ ሳደርግ አንድ ፎቶ አየሁ። ሆስፒታል ሳለች እንዳነሷት አላውቅም ነበር። ሆዷ ተነፍቶ ቆማለች፤ ዓይኖቿ ላይ ጥቁር ነገር ተጋርዶባቸዋል። የእሷ የሆነ ሌላ ፎቶ የለንም።

ሚስቴ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች።

«ዓይኗን ምን አድርጋችሁት ነው?»

«ሰው እንዳይለያት ነው እናቴ። ደንቡ ነው» አላት ሐኪሙ።

«እኛም እንዳንለያት?»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ያንን መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ትኩሳት ከያዘው ሆዱ ሊመግል እንደሚችል፣ አሁን ሳይውል ሳያድር ፔኒሲሊን እንደሚሰጡት ነገረኝ። «ከእሷና ከሌሎቹ ነው ያወቅነው» አለ። «ብዙ ልጆች ተርፈውበታል።»

ከሄደ በኋላ ሚስቴ «ያ ፔኒሲሊን የሚለው መድኃኒት ያኔ ክሊኒካችሁ ነበር?» አለችኝ።

«ነበር።»

«ማንም አላወቀማ» አለች።

ጽሑፉን ከክት ልብሶቿ ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባሁ። ብዙ ሰው ይጠብቀኝ ነበር፤ ጥርሱን ታሞ የሚያቃስት ሰው ስለነበረ እሱን አስቀደምኩ።