ከማለዲንን ከተራራ ለማውረድ

ከማለዲንን «እዚያ በረሃ ውስጥ ቀኑን እንዴት ታሳልፈዋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ወንበር ይፈልግ። መልሱ አጭር አይደለም። ሰውዬው ገና ሲጠየቅ ደረቱን ነፋ አድርጎ ይጀምርና፣ ጠያቂው በራሱ ኑሮ ማፈር እስኪጀምር ድረስ አይለቀውም።

እኔ አምሐ እባላለሁ። ከእሱ ጋር የተዋወቅነው በኦክላንድ ወደብ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ስንጎትት ነው። እሱ የወሎ ልጅ፣ እኔ የአዲስ አበባ፤ ጭነት ለመቀበል ተሰልፈን ስንጠብቅ የማናወራው ነገር አልነበረም። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስር ወደቡ አሮጌ የጭነት መኪና አላስገባም ሲል፣ ሁላችንም እያለቃቀስን አዲስ ገዛን። ከማለዲን ግን አሮጌውን ሸጦ፣ ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ፣ ከሀሚልተን ተራራ ጀርባ ያለ የከብት እርባታ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ባለንብረቱ ኩፐርቲኖ ከተማ የሚኖር ጡረተኛ ነው። ላሞቹን በጣም ይወዳቸዋል፤ ከሩቅ።

«አበደ» አልን። እኔማ ክረምቱን አይጨርስም ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። እሱ ግን ዓርብ ዓርብ፣ ስልክ የሚሠራበት ብቸኛ ኮረብታ ላይ ወጥቶ እየደወለ ያሳቅቀን ጀመር። ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ በፒክአፑ እየዞረ የላሞቹን ውኃ ያያል። ከዚያ አጥር ይጠግናል። አጥሩ አያልቅም፤ በአንድ በኩል ሲጨርስ በሌላ በኩል አጋዘን ይጥለዋል፣ እሱም ለዚህ አጋዘኑን ያመሰግናል። «እናንተ ግማሽ ዕድሜያችሁን ሰልፍ ላይ ጨረሳችሁት፤ እኔ የምጠብቀው ሰልፍ የለም» ይላል። ከምሳ በኋላ ድንጋይ ይክባል። ለምን? ልጅ ሆኖ አያቱ ተዳፋት ላይ እርከን ሲሠሩ ያየውን እጁ እንዳይረሳው ነው። እርከኑ ግን የመጀመሪያውን ዝናብ ያዘና ሣር አበቀለ፤ ባለንብረቱም ከኩፐርቲኖ ድረስ መጥቶ ፎቶ አንስቶት ሄደ።

ላሞቹን በእኛ ስም ሰየማቸው። «ደግነት» የምትባለዋ ቀኑን ሙሉ ተጋድማ የምታመነዥክ ወፍራም ላም ናት። ታክሲ ነጂው ጓደኛችን ደግነት ይህን ሲሰማ አንድ ወር አኮረፈ። የእኔ ሞክሼ አጥር ጥሳ የምትጠፋዋ ናት፤ እኔ ቅር አላለኝም። ሲመሽ ድምፁን ለቆ መንዙማ ያዜማል፣ ቀበሮዎቹም ከማዶ ይቀበሉታል። ፀጉሩን በመኪናው መስተዋት እያየ ራሱ ይቆርጣል። ይህኛውን ባይነግረን ይሻለው ነበር፤ ጭንቅላቱን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

እውነቱን ልናገርና እቀናበት ነበር። ሰልፍ ላይ ቆሜ የፊተኛዬን መኪና ጭስ ስምግ፣ እሱ አሁን የትኛውን ድንጋይ አንስቶ ይሆን እላለሁ።

ያልቀናችው ሚስቱ ራቢዓ ናት። ራቢዓ ሚልፒታስ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ሳን ሆዜ ከልጃቸው ከዓፊፋ ጋር ትኖራለች። እሱ ተራራ ሲገባ «እኔ እዚያ እግሬን አላነሳም» ብላ ነበር፤ ቃሏንም ጠበቀች። መጀመሪያ ላይ በየሁለት ሳምንቱ እሱ ይወርድ ነበር። በመከር ላሞቹ መውለድ ሲጀምሩ ቀረ። ሁለት ወር ሙሉ አልወረደም። ስልክ ሲደውልላት «ደህና ነኝ፣ ቢዚ ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም» ይላታል። ምንም አልጎደለኝም! አጥር መጠገን የሚያውቅ ሰው ለሚስቱ ምን እንደሚባል እንዴት አያውቅም?

ራቢዓ የፋብሪካ ልብሷን ሳትቀይር ሐጂ ሙጠሊብ ቤት ሄደች። ሐጂ የሁላችንም ሽማግሌ ናቸው፤ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ስንቱን ቤት አስታርቀዋል።

«ሐጂ፣ ሰውዬው ምንም አልጎደለኝም ካለ እኔ ምኑ ነኝ?» አለቻቸው። «ወይ ይውረድ፣ ወይ ቁርጤን ይንገረኝ። ከእንግዲህ የስልክ ሚስት አልሆንም። ስትሄዱ እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ መልሱን ከአፉ ነው የምሰማው።»

ሐጂ እኔንና ደግነትን ጨመሩ፤ ሦስት ሽማግሌ ሆንን። እሱ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ካልደወለ በቀር አይገኝም፣ የዚያን ሳምንት ዓርብ ደግሞ ስላልደወለ አስቀድመን ልንነግረው አልቻልንም። ደግነት ከሰዓት በኋላ ኤርፖርት ሺፍት ስላለበት ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሣን። እኔ ሐጂንና ደግነትን ይዤ ከፊት፤ ዓፊፋ እናቷን ይዛ ከኋላ።

የዚያን መንገድ ጥምዝ የነደፈው ሰው አንጀት አልነበረውም። ተራራውን አልፈን ስንወርድ ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ደግነት ላብ በላብ ሆኗል። እርባታው በር አጠገብ ስንደርስ ከኋላ ክላክስ ሰማን። ራቢዓን መንገዱ አዙሯት፣ ዓፊፋ ከአንድ ትልቅ የባሉጥ ዛፍ ጀርባ መኪናዋን አቁማ ነበር። «ማም፣ ጀስት ብሪዝ! ተንፍሺ በቃ!» ስትል ይሰማኛል።

«እኛ እንቅደም» አሉ ሐጂ። «እኔ እስክጀምር ማንም እንዳይናገር።»

የሽምግልና ወጉ እንደዚያ ነው፤ ትልቁ ሳይከፍት ሌላው አፉን አይከፍትም። እናም ሦስታችን፣ ሐጂ በነጭ ቆባቸው፣ ደግነት ባለው አንድ ጥቁር ኮት፣ እኔ ከኋላቸው፣ ፊታችን ከመንገዱ የተነሣ አመድ መስሎ፣ አንገታችንን ደፍተን ወደ በሩ ሄድን።

ከማለዲን አጥሩ ሥር ነበር። ቀና ብሎ አየን። ፈገግታ ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። ፒንሳው ከእጁ ወደቀ።

«ሐጂ… በጠዋት?»

«ከማለዲን፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ እንበል» አሉ ሐጂ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መርዶ ነጋሪ መስለናል! በጠዋት፣ ተሰብስበን፣ ዝም ብለን፣ «እስቲ ቁጭ እንበል» ብለን። እኔ ራሴ እናቴን የተረዳሁት ልክ እንደዚህ ነው። አፌን ልከፍት ስል ከማለዲን ቀደመኝ።

«አልቀመጥም! ማን ነው? ንገሩኝ! ራቢዓ ናት?»

ደግነትም፣ እግዜር ይይለትና፣ አንገቱን እንደደፋ፣ «አዎ፣ ስለ ራቢዓ ነው የመጣነው» አለ።

ከማለዲን በጉልበቱ ወደቀ። እሪታው ላሞቹን አስነሣቸው። ሐጂ «ስማኝ፣ ልጄ ስማኝ!» ቢሉ፣ እኔ ብይዘው፣ ማን ይስማን!

«የኔ ራቢዓ! ዋሸሁሽ እኮ! ምንም አልጎደለኝም ያልኩሽ ውሸቴን ነው! ናፈቅሽኝ ካልኩሽ ና ትይኛለሽ፤ ና ካልሽኝ ደግሞ አንዲት ቀን አላድርም ብዬ ነው አፌን የያዝኩት! ድንጋይ የምክበው እኮ እጄን ካልያዝኩት ስልኩን ስለሚያነሳብኝ ነው! አሁን ማን ቀረኝ? ለማን ነው የምደውለው?»

ሥራውን አይወደውም ማለት አይደለም፤ ይወደዋል፣ አሁንም። ግን እኔ የቀናሁበት ያ ሁሉ ቀን በምን ሲሞላ እንደነበረ እዚያ አጥር ሥር ሰማሁት። 

«ከማል።»

ሁላችንም ዞርን። ራቢዓ የዓፊፋን ትከሻ ተደግፋ ከባሉጡ ጎን ቆማለች። ፊቷ ቢጫ ሆኗል፣ ሻሿ ተንሸራቷል። ስንት ሰው የራሱን ለቅሶ ቆሞ ሰምቷል?

«አለሁ» አለች። «መኪና አዙሮኝ ነው።»

ከማለዲን ተነሣ። አያት፣ አያት፣ ከዚያ እንባው ሳይደርቅ ቁጣው መጣ፣ በእኛ ላይ።

«ጤነኞች ናችሁ ግን? በዚህ ጠዋት፣ ጥቁር ኮት ለብሳችሁ፣ ሳትናገሩ ሰው በር ላይ ትቆማላችሁ?»

ደግነት ኮቱን ዝቅ ብሎ አየው። ሐጂ ሽምግልናውን ከጀመሩበት ሊቀጥሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻቸውና ራቢዓ አልፋቸው ባሏ ፊት ቆመች። «አሁን ያልከውን ድገመው።»

«የቱን?»

«ከሞትኩ በኋላ ያልከውን።»

ቃል አጥሮት የማያውቀው ሰውዬ ወደ እኛ አየ፣ ወደ ልጁ አየ፣ ወደ መሬት አየ። «ናፍቀሽኛል» አለ ቀስ ብሎ።

«ቅድም እንዲህ አልነበረም ድምፅህ።»

«ናፍቀሽኛል፣ ራቢዓ! በጣም ናፍቀሽኛል!»

ራቢዓ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ና እንዳልልህ ፈራህ» አለች። «መምጣት እኮ እኔም እችል ነበር፣ ከማል። እንድመጣ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

 ሻሿን አስተካክላ አጥሩን አልፋ ገባች።

«በል፣ ቤቱን አሳየኝ።»