ጓዳ ያለው ገጽ

መካኒሳ ካለው ቢሮዬ የወሰዱኝ አንድ የታተመ ወረቀት ይዘው ነው። ኢንተርኔት አገራችን በገባ ሰሞን ነበር፤ ለአንድ የግል ጋዜጣ ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ገጹን ለማሠራት የጻፍኩት የጃቫስክሪፕት ኮድ ነው።

የታሰርኩባት ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ሰው ታጉሯል። እግሬን የማሳርፍበት ሳጣ፣ ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ና ልጄ፣ ቦታ አይጠፋም" አሉኝ። የፉሪ ገበሬ ናቸው፤ ስብሰባ ላይ ስለ መሬታቸው ተናግረው ነው የገቡት።

መርማሪው የያዘው አንዲት ቃል ነበር። ኮዱ ውስጥ "ሂድን" የሚል የእንግሊዝኛ ቃል አግኝቶ "ስውር" ብሎ ተርጉሞታል።

"ስውሩ ገጽ ከማን ነው መልእክት የሚቀበለው?" ሦስት ቀን ይህንኑ ጠየቀኝ። እኔ ሞኙ፣ "አዎ ስውር ነው፣ ሰው እንዳያየው ነው" አልኩት። ጉድ ፈላ! ቃሌን አሰፈረና "ነገ ትፈርማለህ" አለኝ። ከፈረምኩ የህቡዕ ድርጅት አባል ተብዬ መከሰሴ ነው።

ክፍሉ ስመለስ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። "ገጹ ከቦታው ሳይነሳ አዲሱ ዜና መጥቶ አሮጌውን ይተካል። የሚመጣበት ቦታ ግን አይታይም።"

አሰብ አደረጉና፣ "ታዲያ ጓዳ ነዋ!" አሉ። "እንግዳ እንደተቀመጠ ወጥ ይጨመርለታል፤ ጓዳ ገብቶ ድስቱን አያይም። ጓዳ ያለው ሁሉ ሊታሰር ነው እንዴ? አንተ ሰው፣ ምን ነካህና ነው ስውር የምትለው?"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በማግስቱ መርማሪው ብዕር ሰጠኝ። "ይቅርታ፣ ይቺ ቃል ትታረም። ጓዳ ነው" ብዬ ሽማግሌው እንዳሉኝ አስረዳሁት።

"ትቀልዳለህ?" ጠረጴዛውን መታ።

"ካልታረመ አልፈርምም።"

ወረቀቱን ብዙ አየው። "እሺ፣ ወጡ ባይጨመርለትስ?" አለኝ።

"የቀደመው እንዳለ ይቆያል፤ ገጹ ባዶ አይሆንም።"

"ስውር" የሚለውን በራሱ ብዕር ሰረዘው። በሳምንቱ ተፈታሁ። ስወጣ የሽማግሌውን ጉልበት ልስም ጎንበስ ብል፣ "ተው፣ ተው! እኔ ምን አደረግኩ?" ብለው አነሱኝ።

እሳቸውም በኋላ ተፈትተው፣ ቤታቸው ኖረው ነው ያረፉት። ኮምፒውተር አይተው አያውቁም። እኔ ግን ትዳር የያዝኩት፣ ልጆቼን ያሳደግኩት በእሳቸው ነው።

ለቅሶ ፉሪ ስሄድ ታናሽ ልጃቸው በምን እንደምንተዋወቅ ጠየቀኝ። "አስተማሪዬ ነበሩ" አልኩት።

"ጋሼ፣ ሌላ ለቅሶ ገብተው እንዳይሆን" አለኝ ቀስ ብሎ። "አባታችን እኮ ፊደል አልቆጠሩም።"

"እሳቸው ናቸው" አልኩና ተቀመጥኩ።