ሌባ የማያነሳው ካሜራ

የጋሽ ቲጃኒ ካሜራ ሌባ አያነሳም ተባለ። ጆሮህን፣ ኮትህን፣ የወንበሩን መደገፊያ ሳይቀር ጥርት አድርጎ ያወጣል፤ የሰው ሐቅ በልተህ ከሆነ ግን ፊትህን ጭጋግ ያለብሰዋል። ጅማ መርካቶ ጠዋት የተወለደው ወሬ ለምሳ አጋሮ ደረሰ፤ ሊሙ ገነት አደረ፤ በማግስቱ አግብቶ ወልዶ ተመለሰ።

እውነት ቢሆንማ ኖሮ የስንቱ ነጋዴ ፎቶ ጆሮ ብቻ በሆነ! ደግሞስ የጣሊያን ዘመን ካሜራ አይደል? ጣሊያኖቹን እንዳሉ አጥርቶ ሲያነሳ የኖረ ሣጥን፣ በስተርጅና ሐቀኝነቱን ከየት አመጣው?

ጋሽ ቲጃኒን ግን ወሬውን መስማቱም አድክሟቸዋል። ዕድሜ ልክ ጥቁር ጨርቅ ውስጥ አንገት ቀብሮ መኖር ወገብ ይጨርሳል። ካሜራው የተሠራው ለመስታወት ነበር፤ ምስሉን የሚቀበለው የመስታወት ሰሌዳ በእንጨት መያዣ ሆኖ ከኋላ ይገባል። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ መስታወቱ ከገበያ ጠፋ። የሚገኘው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፊልም ሆነ፤ እሱም መያዣው ውስጥ እንደ ከሲታ ሰው በሰፊ ሱሪ ይዋልላል። ቢቸግራቸው ባለፈው በጋ ከጀርባው የጫማ ካርቶን ቆርጠው ደገፉት።

የ1976 ክረምት ገባ። መጀመሪያ ፊቱ የተጋረደው አብደላ ነው፤ የሊሙ ገነቷን የወይዘሮ ለጢፋን ልጅ ሊያገባ የታጨ ልጅ። ወይዘሮ ለጢፋ ፎቶውን አዩና ኒካሁን አስቀሩ። ቀጥሎ የተጋረደው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈየራ ሆነ፤ ያን ጊዜ ከተማው ሳቁን በጋቢ አፍኖ ዋለ። ጓድ ፈየራ ግን አልሳቀም።

«ጋሽ ቲጃኒ፣ ለፓርቲ መታወቂያ የሚሆን ፊት እስከ አርብ ካልሰጡኝ ሱቁ ይታሸጋል። ካሜራውም ይወረሳል።»

ጋሽ ቲጃኒ መያዣውን ተሸክመው ቤት ገቡ። ባለቤታቸው ሐጂራ ከፍታ አየችው።

«ማሎ! ይሄ ካርቶን እኮ እንደ እርጉዝ ሆዱን ነፍቷል!»

በጅማ ክረምት ጨው እንኳ ያለቅሳል፤ ካርቶን ምን ያድርግ? እርጥበቱን ጠጥቶ አብጦ የፊልሙን መሐል ወደፊት ገፍቶታል። ዳር ዳሩ በቦታው ስለቀረ ጆሮ ይጠራል፤ መሐል የተቀመጠ ፊት ይደፈርሳል።

«ታዲያ የማያብጥ ነገር አምጪልኝ።»

«የዘይት ቆርቆሮ አለ። ዘይቱ ካለቀ ስንት ጊዜው!»

ቆርቆሮውን ቆረጡ። ፊልሙ እንደ መሳቢያ እንዲገባ ሦስቱን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጠፉ፤ እንዳያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀቡት። ጣታቸውን ቆርቆሮው በላው፤ ትከሻቸው ዛለ።

አርብ ዕለት ሱቁ በር ላይ የቆመው ሕዝብ ለታቦትም ለመውሊድም ወጥቶ አያውቅም። ወይዘሮ ለጢፋ ሌላ እጩ ሙሽራ ለሚዛን አምጥተዋል። ጓድ ፈየራ ተነሳ፤ ፎቶው ታጠበ፤ ደረቀ። ፊቱ ከነፈንጣጣ ጠባሳው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሊቀመንበሩ ፎቶውን ከጭንቅላቱ በላይ አነሳው።

«አያችሁ? ካሜራው መሰከረልኝ! በሉ ይንገሯቸው እንጂ፣ ጋሽ ቲጃኒ!»

አንዲት «አዎ» ብቻ ነበረች የምትፈለገው። ሱቁ ይተርፋል፤ ከየቡናው አገር አማች የሚያስመዝን ሁሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይሰለፋል።

«ታዲያ አብደላ ሌባ ነው ማለት ነዋ?» አሉ ወይዘሮ ለጢፋ።

ጋሽ ቲጃኒ የደንበኛው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«አይደለም። አብደላን ያበላሸብዎ የጫማ ካርቶን ነው፤ ረጥቦ አበጠ። ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎንም ያጠራዎት የዘይት ቆርቆሮ ነው። ወላሂ፣ ይሄ ሣጥን ሌባና ሐቀኛ አይለይም። አንድም ቀን ለይቶ አያውቅም።»