ከዕጣው በኋላ የደረሰው ደብዳቤ

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ በአሶሳ ሰፈራ፣ በማኅበራችን መጋዘን በር ላይ የነበርነው አምስት ነን። ሬዲዮውን በኃላፊነት የያዘው መጋዘን ጠባቂ አንድ፤ ከወሎ አብረውን የመጡት፣ አምባው ሁሉ «አባ» የሚላቸው ሽማግሌ ሁለት፤ ከቤቴ ቀጥሎ የሚኖሩት እትዬ ሦስት፤ ጨውና ሳሙና በአህያ ጭኖ ከአሶሳ የሚመጣው፣ አማርኛን በገበያ የለመደው የበርታ ነጋዴ አራት፤ አምስተኛው እኔ ነኝ። ፈቃድ ያልጠየቅኋቸው ስላሉ የማንንም ስም አልጽፍም።

ሬዲዮው በየእሑዱ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። መልሱን በፖስታ የላከ ሰው ዕጣ ውስጥ ይገባል። ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ስም በሚቀጥለው እሑድ ከነአገራቸው ይነበባል፤ ለአንደኛው የእጅ ሬዲዮ ይሰጠዋል። እትዬ ሽልማቱን አልፈለጉትም። የፈለጉት ስማቸው እንዲነበብ ብቻ ነበር። ወደ ሰፈራው ስንመጣ፣ መንገድ ላይ ባረፍንበት መጠለያ ታናሽ ወንድማቸው ውኃ ሊቀዳ እንደ ወረደ የእኛ መኪና ተነሣ። እርሱን በየትኛው መኪና እንደ ጫኑት፣ ወዴት እንደ ወሰዱት የነገረን የለም።

«በሕይወት ካለ፣ ሬዲዮ የሚጮህበትን ቤት አያልፍም» ይሉ ነበር እትዬ። «ስሜን ከነአባቴ ቢሰማ ይመጣል።»

የዕለቱ ጥያቄ፦ ዓባይ ከአገራችን ሲወጣ ወደ የትኛው አገር ይገባል?

ነጋዴው ሳቀ። «ይሄ ጥያቄ ነው? ወላሂ አህያዬም ያውቃል!»

«እንግዲያ አህያህ ትጻፍልን» አለው ጠባቂው። «ከእኔ ጽሕፈት የእርሷ ሳይሻል አይቀርም።»

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን የነጋዴው ሳሙና ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ በራሴ ተማርኩ። የጻፍኩትም እንደ ለመድነው ነው። በአምባችን የእህል ዘር ሲጠየቅም፣ ዶማ ሲጠየቅም ወረቀቱ አንድ ነው፤ «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው» ተብሎ ይጀመርና የሁሉም ስም በቤት ቁጥር ተራ ይሰፍራል፤ ከጎኑ የአውራ ጣት አሻራ ይደረጋል። ለጥያቄውም ሃያ ሦስት ሆነን በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ፖስታ መለስን። ቴምብሩ በእትዬ እንቁላል ተገዛ። አንድ ቴምብር ለሃያ ሦስት ሰው መብቃቱ ደስ አሰኝቶን ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ስለ እኛ አልተነሣም። በሦስተኛው እሑድ አንባቢው እንዲህ አለ፦ «ከአሶሳ የጻፋችሁልን ሰፋሪዎች፣ መልሳችሁ ትክክል ነው። ሆኖም ዕጣው ከወጣ በኋላ ደርሶናል። ደግሞም አንድ ፖስታ ለአንድ ሰው ነው።» ስም አልጠራም።

«ያዲስ አበባ ሰው በእግሩ ሄዶ ሣጥን ውስጥ ይጥላል» አለ ጠባቂው። «የእኛ በአህያ ይሄዳል፣ መኪና ይጠብቃል፣ ባምባሲን ሳያልፍ ጭቃ ይይዘዋል።»

«እኔ ነው ያዘገየው?» አለ ነጋዴው ከፍቶት።

«አንተማ ነህ የፈጠንከው» አሉት አባ። «ከአንተ ወዲያ ያለው ነው።»

እትዬ መሬት መሬቱን እያዩ «ሃያ ሦስት ቴምብር ከገዛን ዶሮዎቹም ያልቃሉ» አሉ። «ገዝተንም ቀኑ አይደርስልን።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰብኩ። ፖስታ ቤቱ ደብዳቤውን ሲቀበል ቀን ያለበት ማኅተም ይመታበታል። ለምን የደረሰበትን ቀን ያያሉ? የተላከበትን አይመለከቱም? ይህንኑ ለሬዲዮው ጻፍኩ፦ «የእኛም ቴምብር፣ የአዲስ አበባውም ቴምብር ዋጋው አንድ ነው። የሚገዛልን ቀን ግን አንድ አይደለም።» ከዚያ ስሞቹን ልጽፍ ወረቀቱን አሰመርኩ።

«ልጄ፣ ስሜን ወደ ላይ ብታወጣው?» አሉኝ እትዬ ቀስ ብለው። የቤታቸው ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነበር።

«እትዬ፣ ተራው ይፋለሳል» አልኳቸው። እንዲህ ማለቴን ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

አባ በከዘራቸው ወረቀቱን ነካ አደረጉት። «አንተ፣ የቤት ቁጥር ስንዴ ሲታደል ነው። ሰው ሲጠፋ ተራ የለውም።»

ሌላ ወረቀት አውጥቼ እንደ ገና ጻፍኩ። ከሁሉ በላይ የእትዬን ስም፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውንም አሰፈርኩ። ሃያ ሁለቱ ከታች ፈረሙ፤ ቅር ያለው አልነበረም። ነጋዴው የገበያ ቀን ሳይጠብቅ በማግሥቱ አሶሳ ገባ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤያችን በሬዲዮ ተነበበ። ባትሪው ደክሞ ስለ ነበር ጠባቂው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አሙቆታል። አንባቢው የቴምብሩን ነገር ሁለት ጊዜ ደገመው። «ቅሬታቸው ተገቢ ነው» አለ፤ ከእንግዲህ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ መልስ የሚታየው ፖስታ ቤቱ የመታው ቀን እንደሚሆን ተናገረ። አንድ ፖስታ ለአንድ ሰው የሚለው ደንብ እንዳለ ቀረ። ቀጥሎ «ከአሶሳ ሰፈራ፣ ወይዘሮ...» ብሎ የእትዬን ስም ጠራ። ወዲያው ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ጠባቂው በጥፊ መታው። ድምፁ ሲመለስ «እና ሃያ ሁለት ጓደኞቻቸው» ይል ነበር።

እትዬ እልል አሉ። ጠባቂው «አባትሽን ጠርቷል፣ በጆሮዬ ሰማሁ» አላቸው። አባ ግን አልሰሙም። እኔም አልሰማሁም።

ክረምቱ ሲወጣ ነጋዴው ከአሶሳ ፖስታ ቤት አንድ ደብዳቤ አመጣ። ከቡለን ነው። በላዩ የተጻፈው የእትዬ የራሳቸው ስም ብቻ ነበር፤ የአባት ስም የለውም። የጻፈው የማናውቀው ሰው ነው። የእትዬን ስም ሬዲዮ ላይ እንደ ሰማ፣ እዚያው ቡለን ገበያ ውስጥ እህል የሚያወርድ፣ «ከአንዲት እህቴ ተለያይቻለሁ» የሚል የወሎ ሰው እንዳለ ጽፎ፣ የአባታቸውን ስም ይጠይቃል። የዚያኑ ዕለት መለስንለት። ቴምብር ለመግዛት ሁሉም እጁን ዘረጋ። መልሱን እየጠበቅን ነው። እትዬ ቤታቸው ውስጥ ሁለተኛ መደብ ሠርተው ለቅልቀውታል።

እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው። ደብዳቤያችን የተነበበ ዕለት መጋዘኑ በር ላይ የነበራችሁ፣ በባምባሲም ሆነ በቶንጎ በዚያ ሰዓት ሬዲዮ የከፈታችሁ፣ ከ«ወይዘሮ» ቀጥሎ ስንት ስም ተጠራ? የእትዬ ብቻ ነው ወይስ የአባታቸውም? የሰማችሁትን ብቻ፣ ሳትጨምሩ ንገሩኝ። እዚህ ላይ ለመልሳችሁ ባዶ መስመር ትቻለሁ።