ጄኔራሉና ዝዮቹ

በ1994 ጸደይ ከሮዝቪል በታክሲዬ የጫንኳቸው አሜሪካዊ ሽማግሌ የጄኔራል ልብሳቸውን ከነኒሻኑ ግጥም አድርገው ለብሰዋል። እግራቸው ላይ ግን የቤት ነጠላ ጫማ ነው። ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ወዳለው የወታደሮች መቃብር ውሰደኝ አሉኝ። መንገዱን ሁሉ መሪውን እኔ ልያዝ እንጂ አዛዡ እሳቸው ነበሩ፤ «ግራ! ቀኝ! ፍጥነት ቀንስ!» ይሉኛል።

መቃብሩ በር ላይ ስንደርስ የዝይ መንጋ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ መንገድ ዘጋብን። ክላክስ ባደርግም አልተነሱም። ጄኔራሉ ከታክሲው ወረዱና ደረታቸውን ነፍተው «ወደፊት ሂድ!» ብለው አምባረቁ። አንዷ ዝይ ቀና ብላ አየቻቸውና መልሳ ተኛች።

«ትእዛዝ ነው!» አሉ፣ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ።

ሌላዋ መጥታ ነጠላ ጫማቸውን ነከሰች። ሳቄን ለመደበቅ ሬዲዮኑን ነካካሁ።

ተመልሰው ሲገቡ ግን ፊታቸው ተለዋውጧል።

«ጌታዬ፣ ወርጄ ላባርራቸው?» አልኳቸው።

«ተዋቸው፣ ተማም» አሉኝ፣ ስሜን ዳሽቦርዱ ላይ ከተለጠፈው ፈቃዴ አንብበው። «ኮሪያ ውስጥ ወታደሮቼን ወደፊት ስላቸው ሁሉም ሄዱ። ምነው አንዱ እንኳ እንደነዚህ እምቢ ባለኝ!»

የታክሲውን የሂሳብ ቆጣሪ አጥፍቼ፣ ዝዮቹ በራሳቸው ጊዜ እስኪነሱ አብሬያቸው ቁጭ አልኩ።